ወርቅ ሲሠራ ማን አየ?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂው ወርቅ ሰሪ ናቸው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ወርቅ ሥራን የተማርኩት ከአባቴ ነው። 12ኛ ክፍል የሚማረው ልጄ ወርቅ የተሠራው ሰማይ ላይ ነው ይለኛል። መምህሩ ደግሞ ኮከብ ከብረት የሚከብድ ነገር አይሠራም ብለዋቸዋል። በቅርቡ ማግኔታር የሚባል ነገር ነው ወርቅ የሚሠራው የሚል ዜናም አነበበልኝ። እኔ የማውቀው ወርቅ ከመሬት ተቆፍሮ ወይም ከወንዝ ታጥቦ ሲወጣ ነው። የቱ ነው ትክክል? ሰማይ ላይ ሲሠራስ ማን አየ?»

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኔም የሰሜን ሸዋ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት መንዝ ነው። ሥራዬ አስትሮፊዚክስ ነው። ጥያቄዎን ደስ ብሎኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በተለይ የመጨረሻዋን። «ማን አየ?» ካልተባለ ሳይንስና ተረት አይለይም። ስለዚህ እሷን ይዤ ነው የምሄደው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በኛ ስጽፍ እናገራለሁ።

ለቸኮለ ሰው አጭሩ መልስ ይህ ነው። ልጅዎ ልክ ነው። መምህሩም ልክ ናቸው። እርስዎ የሚያውቁትም እውነት ነው። ዜናው ግን ትንሽ ተጋኗል።

ከመምህሩ ልነሳ። ኮከብ ይነዳል ብንልም እንደ ከሰል አይደለም የሚነደው። የፀሐይ መሐል ወደ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ይሞቃል። እዚያ ሙቀት ላይ የአቶም አስኳሎች ይጋጩና ይዋሃዳሉ። ሲዋሃዱ ጉልበት ይወጣል። ፀሐይ በየሴኮንዱ ወደ 600 ሚሊዮን ቶን ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም የምትለውጠው በዚህ መንገድ ነው። ከፀሐይ ስምንት እጥፍና ከዚያ በላይ የሚከብዱ ኮከቦች ግን ሂሊየም ላይ አያቆሙም። ወደ ካርቦን፣ ወደ ኒዮን፣ ወደ ኦክስጅን፣ ወደ ሲሊከን እያሉ ይቀጥላሉ። ሥራው በየደረጃው እየፈጠነ ይሄዳል። የመጨረሻው፣ ማለትም ሲሊከኑ ወደ ብረት የሚለወጥበት፣ አንድ ቀን ገደማ ነው የሚፈጀው። ሚሊዮኖች ዓመታት የኖረ ኮከብ የማጠናቀቂያ ሥራውን በአንድ ቀን ይጨርሳል።

ብረት ላይ ሲደርስ ያበቃል። ብረትን ከብረት ማዋሃድ ጉልበት ይበላል እንጂ አይሰጥም። ይህን እርስዎ በእጅዎ ያውቁታል። ፍም ላይ ወናፍ ሲነፉ ይግላል። አመድ ላይ ቢነፉ ግን አመዱ ይቦንናል እንጂ እሳት አይነሳም። ብረት የኮከብ አመድ ነው። ጉልበት ሲያጣ የኮከቡ መሐል በራሱ ክብደት ይደረመሳል፤ ውጪው ደግሞ ይፈነዳል። ሱፐርኖቫ የምንለው ይህን ነው። እንግዲህ መምህሩ ያስተማሩት ይህንን ነው፤ ትክክልም ነው።

ታዲያ ወርቅስ? ፕሮቶንና ኒውትሮን አስኳሉ የሚሠራባቸው ቅንጣቶች ናቸው፤ ንጥረ ነገሩን የሚለየው የፕሮቶኑ ቁጥር ነው። የብረት አስኳል 26 ፕሮቶን አለው። ወርቅ 79 አለው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ፕሮቶኖች እርስ በርስ ስለሚገፋፉ በማጋጨት ብቻ እዚያ አይደረስም። ኒውትሮን ግን የኤሌክትሪክ ቻርጅ የለውም፤ የሚገፋው የለም። በሩ እንደተከፈተ ቤት ዘው ብሎ አስኳሉ ውስጥ ይገባል። ኒውትሮን ሲበዛበት አስኳሉ ይታመማል፤ ከኒውትሮኖቹ አንዱ ወደ ፕሮቶን ይለወጣል። ያኔ ንጥረ ነገሩ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። ከብረት በላይ ያለው መንገድ በአብዛኛው ይኸው ነው። ማዋሃድ ሳይሆን ኒውትሮን መመገብ።

ኒውትሮኑ የሚመጣው ደግሞ በሁለት ዓይነት ዝናብ ነው ብዬ ላስረዳ። አንዱ ካፊያ ነው። አንድ ጠብታ ይወድቃል፣ መሬቱ ይመጠዋል፣ ከዚያ ሌላ ጠብታ። ሌላው ዶፍ ነው። መሬቱ ሳይመጥ ውሃ በውሃ ላይ ይከመራል።

ካፊያው ያረጁ ኮከቦች ውስጥ አለ። አንድ አስኳል አንድ ኒውትሮን ከዋጠ በኋላ ቀጣዩን ለማግኘት ብዙ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። ማን አየ ላሉት የመጀመሪያው መልስ እዚህ ጋ ነው። በ1952 ፖል ሜሪል የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የአንዳንድ ያረጁ ኮከቦችን ብርሃን ሲተነትን ቴክኒሺየም የሚባል ንጥረ ነገር አገኘ። ቴክኒሺየም ራሱን በራሱ እየፈረሰ የሚጠፋ ነገር ነው። ከኮከቡ ዕድሜ አንጻር ቶሎ ነው የሚያልቀው። ኮከቡ ሲወለድ ይዞት የመጣ ሊሆን አይችልም። እዚያው በቅርብ ጊዜ የተሠራ መሆን አለበት። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ ማርጋሬትና ጄፍሪ በርቢጅ፣ ዊሊያም ፋውለርና ፍሬድ ሆይል ካፊያውንም ዶፉንም የሚያብራራ ትልቅ ጽሑፍ አወጡ። አልስቴር ካሜሮን የሚባል ሌላ ሳይንቲስትም በዚያው ዓመት ለብቻው ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር።

ካፊያው ባሪየም፣ ስትሮንሺየም፣ እርሳስና ሌሎችንም ይሠራል። ከወርቅ ግን የሚሠራው ከመቶ አምስት ገደማ ብቻ ነው። የቀረው የዶፍ ልጅ ነው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ መጣ። ዶፉ የት ነው የሚዘንበው? ኒውትሮን ከአስኳል ውጪ ብቻውን ሲሆን ዕድሜው አጭር ነው። በአማካይ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ወደ ፕሮቶን ይለወጣል። ስለዚህ ኒውትሮን በብዛት የተከማቸበት፣ በሴኮንድ ውስጥም የሚበተንበት ቦታ ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ተስፋ የተጣለው በሱፐርኖቫ ላይ ነበር። ስሌቱ ግን እምቢ አለ። ተራ ሱፐርኖቫ የሚበቃ ኒውትሮን አይሰጥም።

ሱፐርኖቫ ጥሎት የሚሄደው ነገር ግን ይሰጣል። ከፍንዳታው በኋላ ብዙ ጊዜ የኒውትሮን ኮከብ ይቀራል። ከፀሐይ የሚከብድ ነገር ነው፤ ስፋቱ ግን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጫጫ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው ርቀት ውስጥ ይገባል ማለት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ብንጨልፍለት ወደ ቢሊዮን ቶን ይመዝናል። በ1974 ሁለት እንዲህ ያሉ ኮከቦች ተጣምረው ሲዞሩ ተገኙ። በየጊዜው እየተቀራረቡ ነው። ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ይጋጫሉ። በዚያው ዓመት ጄምስ ላቲመርና ዴቪድ ሽራም የኒውትሮን ኮከብ ከጥቁር ጉድጓድ ጋር ሲጋጭ የሚረጨው ነገር ከባድ ንጥረ ነገሮችን ሊሠራ ይችላል ብለው ጻፉ። ሐሳቡ በኋላ ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ወደሚጋጩበትም ሰፋ። ግን እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ማን አየ? 43 ዓመት ማንም አላየም።

ከዚያ ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር መጣ። ቡሄ ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል። እኔ ክረምቱን መንዝ እናቴ ጋ ነበርኩ። ፍልሰታ ነው፣ ደመናው ሰማዩን ዘግቶታል፣ ብርዱ በርኖስ ያስለብሳል። ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ አሜሪካና ጣሊያን ያሉ የስበት ሞገድ (ከባድ ነገሮች ሲዞሩና ሲጋጩ ጠፈሩን የሚያርገበግብ ሞገድ) መሣሪያዎች የመዘገቡት አንድ ሞገድ በምድር ውስጥ አለፈ። ከአሜሪካዎቹ መሣሪያዎች እያንዳንዱ 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች አሉት። ሞገዱ ሲያልፍ የክንዶቹ ርዝመት ከፕሮቶን እጅግ ባነሰ መጠን ይለወጣል፤ ያንን ነው የሚለኩት። ምልክቱ ወደ 100 ሴኮንድ ቆየ። እየፈጠነ፣ እየፈጠነ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ተጋጩ ማለት ነው። ያ ሞገድ በእርስዎ ሱቅም፣ በእናቴ ቤትም አልፏል። እኛ አልተሰማንም። አሁንም ሳስበው ሰውነቴን ይነዝረኛል።

ከ1.7 ሴኮንድ በኋላ ፈርሚ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ የጋማ ጨረር ብልጭታ ያዘ። ከ11 ሰዓት ገደማ በኋላ ደግሞ ቺሊ ያለ ቴሌስኮፕ ብርሃኑን አገኘ። ኤንጂሲ 4993 በምትባል ጋላክሲ ውስጥ ነው፤ ርቀቱ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት። ከዚያ ወደ 70 የሚጠጉ ቴሌስኮፖች ወደዚያች ነጥብ ዞሩ።

እዚህ ላይ የእርስዎን ሙያ ልዋስ። አንድ ሰው ወርቅ ነው ብሎ ቀለበት ሲያመጣልዎት ጥቁሯ ድንጋይ ላይ ፍቀው፣ አሲድ ጠብ አድርገው፣ ቀለሙን አይተው ካራቱን ይናገራሉ። እኛም ቀለም ነው የምናየው። ያ ብርሃን መጀመሪያ ሰማያዊ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀላ፣ ከዚያም ወደማይታየው ቀይ አለፈ። ከባድ ንጥረ ነገሮች ሰማያዊውን ብርሃን አፍነው ቀዩን ያሳልፋሉ። አደበዛዘዙም አዲስ የተሠሩ ከባድ አስኳሎች ሲፈርሱ ከሚሰጡት ሙቀት ጋር ገጠመ። ከባድ ንጥረ ነገሮቹ ሲደመሩ የምድርን ክብደት በሺዎች እንደሚያጥፉ ተገመተ። ወርቁ ብቻውን የምድርን ክብደት ብዙ እጥፍ እንደሚሆን ነው የተሰላው።

እውነቱን ሳልሸራርፍ ልንገርዎት። ከዚያ ብርሃን ውስጥ የወርቅን ምልክት ለብቻው ነጥሎ ያየ የለም። በ2019 ስትሮንሺየም ተለይቶ ታየ። በመጋቢት 2023 ደግሞ እጅግ ደማቅ የሆነ የጋማ ጨረር ብልጭታ ተከሰተ። ጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ ያንን ሲከታተል የቴሉሪየም ምልክት አገኘ። ቴሉሪየም 52 ፕሮቶን አለው፤ ከብረት በጣም ያልፋል፣ ወርቅ ጋ አይደርስም። ወርቁን የምናውቀው አብረውት ከሚሠሩት ነው። ዶፉ ቴሉሪየምን ከሠራና ብርሃኑ ያን ያህል ከቀላ ወርቁም አብሮ አለ። ጠንካራ ማስረጃ ነው። ግን የዓይን ምስክርና የጠንካራ ማስረጃ ልዩነት መነገር አለበት፤ እርስዎም ድንጋዩ ላይ ሳይፍቁ ካራት አይናገሩም።

ግጭቱ ብርቅ መሆኑን የሚያሳይ አንድ የምወደው ግኝት አለ። ሬቲኩለም ሁለት የምትባል ትንሽ ጋላክሲ አጠገባችን አለች። አሌክሳንደር ጂና አና ፍሬቤል በ2016 ዘጠኝ ኮከቦቿን መረመሩ። ሰባቱ በከባድ ንጥረ ነገር ተጨናንቀዋል። በጊዜው የተመረመሩት ሌሎች መሰል ትናንሽ ጋላክሲዎች ግን ከሞላ ጎደል ባዶ ነበሩ። ይህ ካፊያ አይደለም። በረዶ አንዱን ማሳ መትቶ የጎረቤቱን እንደሚተወው ነው። በእያንዳንዱ ሱፐርኖቫ ወርቅ ቢሠራ ኖሮ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርሳቸው ነበር።

ጉዳዩ ግን እዚህ አልተዘጋም። ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ተጠጋግተው እስኪጋጩ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ አንዳንዴ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት። በእኛው ጋላክሲ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ካሉት እጅግ ያረጁ ኮከቦች አንዳንዶቹ ግን ከባድ ንጥረ ነገሮችን ይዘው ነው የተወለዱት። ማን ቀድሞ ሠራላቸው? ሒሳቡ ላይ የጎደለ አለ። ልጅዎ ያነበበልዎት ዜና የሚገባው እዚህ ነው።

ማግኔታር የኒውትሮን ኮከብ ነው፤ የማግኔት ጉልበቱ ከሌሎቹ ወደ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ። አንዳንዴ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ከባድ ብልጭታ ይተፋል። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ ለገብርኤል አጥቢያ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከእኛው ጋላክሲ ውስጥ ያለ አንድ ማግኔታር እንዲህ ያለ ብልጭታ ለቀቀ። ፀሐይ በ100,000 ዓመት የምትሰጠውን ጉልበት ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው የረጨው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የብርሃን ዓመት ርቆም የምድርን የላይኛውን አየር ነካ። ቁልቢ ለተሰበሰበው ምዕመን ግን አልደረሰም፤ ማግኔታሩ በዚያ ሰዓት ከአድማስ በታች ስለነበር ምድር ራሷ ጋርዳዋለች። ቢደርስም ማንም አያየውም ነበር፣ ጋማ ጨረር በዓይን አይታይም።

ከዋናው ብልጭታ በኋላ፣ አሥር ደቂቃ ገደማ ቆይቶ፣ ኢንተግራል የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ሌላ ደካማ የጋማ ጨረር መዝግቦ ነበር። ተጻፈ፣ ታተመ፣ ምን እንደሆነ ግን አልታወቀም። ሃያ ዓመት ተቀመጠ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የሆነው አኒሩድ ፓቴልና ባልደረቦቹ ማግኔታር በብልጭታው ጊዜ ቅርፊቱን ቢረጭ ምን ይሆናል ብለው አሰሉ። አዲስ የተሠሩት ከባድ አስኳሎች ሲፈርሱ ምን ዓይነት ጋማ ጨረር፣ መቼ እንደሚደርስ ጻፉ። ከዚያ የቆየውን መዝገብ ገልጠው አስተያዩት። ገጠመ። በሚያዝያ 2025 አሳተሙት። በዚያች አንድ ብልጭታ የምድርን ክብደት ሲሶ የሚያህል ከባድ ንጥረ ነገር ተሠርቷል ይላሉ። ማግኔታር ኮከብ በሞተ ማግስት ስለሚወለድ ለእነዚያ ላረጁ ኮከቦችም ይደርሳል። የጎደለውን ቦታ ጥሩ አድርጎ ይሞላል።

ዜናው የተጋነነው እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ያሉት ማግኔታሮች በጋላክሲያችን ካለው የዶፍ ምርት ከመቶ አንድ እስከ አሥር ያህሉን ሊሸፍኑ ይችላሉ ነው። አብዛኛው አሁንም ከሌላ ቦታ ነው። ማስረጃውም ለጊዜው የአንድ ሌሊት መዝገብ ነው። ናሳ ኮሲ የሚባል የጋማ ጨረር ቴሌስኮፕ በ2027 ለማምጠቅ አቅዷል። ቀጣዩ ብልጭታ ሲመጣ የንጥረ ነገሮቹን ምልክት ለይቶ ማየት ይችላል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። እኔ በግሌ በጣም የምጠብቀው መሣሪያ እሱ ነው።

እንግዲህ ወደ እርስዎ መሬት እንምጣ። ይህ ሁሉ የተረጨ ነገር ከጋዝና ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ ጠፈር ላይ ሲንሳፈፍ ኖረ። ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት ከዚያ ደመና ፀሐይና ምድር ተሠሩ። ምድር ገና ቀልጣ ሳለች ብረቱ ወደ መሐሏ ሰመጠ። ወርቅ ብረትን ይወዳል፤ ተከትሎት ወረደ። ዛሬ ከምድር ወርቅ ከ99.999 በመቶው በላይ ከእግራችን በታች ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ጠልቆ ተቀምጧል። ማንም አይደርስበትም። እኛ የምናገኘው አብዛኛው ወርቅ መሐሉ ከተዘጋ በኋላ የወደቁ ድንጋዮች ከላይ ያመጡት ነው ተብሎ ይታሰባል። በ2025 የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሃዋይን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መርምረው ከምድር መሐል የመጣ የሩቴኒየም ምልክት አገኙ። ጥቂት ጥቂት ወደ ላይ ይሾልካል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የውሃ ነው። ጥልቅ ውስጥ ያለ የጋለ ውሃ ወርቁን አሟሙቶ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ወንዝ ደግሞ ድንጋዩን ይሸረሽርና ያጥበዋል።

የኛ ሸዋ ደጋ ግን ለዚህ አልታደለም። ከጣርማ በር እስከ ጓሳ የምንረግጠው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው። ወርቅ የሚወጣባቸው እንደ ለገደንቢና ቤኒሻንጉል ያሉ ቦታዎች ከዚህ እጅግ በሚያረጅ ድንጋይ ላይ ነው ያሉት። ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ወርቅ ሰማይ ላይ ተሠርቶ፣ በሌላ አገር መሬት ተቀብሮ፣ በነጋዴ እጅ ደብረ ብርሃን የገባ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጅዎ መጠየቁ አይቀርም። ሰው ወርቅ መሥራት ይችላል? በ2025 ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለው የሰርን ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች የእርሳስ አስኳሎች ለብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት ጎን ለጎን ሲተላለፉ ሦስት ፕሮቶን አጥተው ወርቅ እንደሚሆኑ ለክተው አሳወቁ። ከ2015 እስከ 2018 በነበሩት ሙከራዎች 86 ቢሊዮን የወርቅ አስኳል ተሠርቷል። ሲመዘን 29 ፒኮ ግራም ነው፤ አንድ ግራም ለመሙላት ከ30 ቢሊዮን ጊዜ በላይ መደገም አለበት። ያውም ወዲያው ይበታተናል። እርስዎ በ1,064 ዲግሪ ወርቅ ሲያቀልጡ ግን አስኳሉን ምንም አይነካውም። ቅርጹ ነው የሚቀየረው።

ለልጅዎ አንድ ሥራ ልስጠው። ግንቦት ሲገባ፣ ደመና በሌለበት ማታ፣ 4 ሰዓት ገደማ ከከተማው መብራት ወጣ ብላችሁ ፊታችሁን ወደ ደቡብ አዙሩ። ከፍ ብላ ስፓይካ የምትባል ነጭ ደማቅ ኮከብ አለች። እጃችሁን ዘርግታችሁ ጨብጡ፤ ከስፓይካ አንድ ጡጫና ትንሽ ያህል ዝቅ በሉ። በኛ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ሲጋጩ የታዩት ሁለቱ ኮከቦች የነበሩት እዚያ ነው። ጋላክሲዋ ሩቅ ስለሆነች በዓይን አትታይም። ቦታው ግን እሱ ነው።